16 ሌሊት በአደራ ቤት

ቁልፎቹ ዘጠኝ ነበሩ። እትዬ አንድ በአንድ እያነሱ አሳዩኝ። «ይሄ የውጪው በር፣ ይሄ የሳሎን፣ ይሄ የፓምፑ ክፍል። ይሄኛው ምን እንደሚከፍት እኔም ረስቼዋለሁ፤ ግን እንዳትጥዪው።» ጋሼ በበኩላቸው ሻንጣውን ለሦስተኛ ጊዜ ይመዝናሉ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ እህል፣ ለአራስ የሚሆን ሁሉ ተጭኗል። ሴት ልጃቸው ዋሽንግተን ወልዳለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ነው፤ ቢሾፍቱ ያለው ቤታቸው፣ ሰባት ዶሮዎቻቸውና ቡቺ የሚባለው ውሻ ደግሞ ለ16 ሌሊት የእኛ አደራ ሆነዋል።

«የእኛ» ስል እኔ፣ ባለቤቴና የአራት ዓመቷ ልጃችን ማለቴ ነው። እትዬ የእናቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ናቸው። ከዚህ በፊት ሲጓዙ ቤቱን ዘግተው ሄደው ነበር፤ ሲመለሱ ቧንቧ ፈንድቶ ምንጣፋቸው በስብሶ ጠበቃቸው። በዚህኛው ጉዞ ዋዜማ ደግሞ የረጅም ጊዜ ዘበኛቸው ሥራውን ለቀቁ። እትዬ ጭንቀታቸውን ለእናቴ አወሩ፤ እናቴ ወደ እኔ ደወለች። «ዕረፍት እንወጣለን እያላችሁ አልነበር? ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡበት» አለችኝ።

ነገሩ «ዝም ብሎ መቀመጥ» እንዳልሆነ የነገረችኝ እንግሊዝ አገር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። እሷ ከባለቤቷ ጋር በየዓመቱ እንዲህ እያደረገች ነው አገሩን የምትዞረው። እዚያ «ሃውስ ሲቲንግ» ይሉታል።

እዚያ እንዴት ይሠራል?

አሠራሩ ቀላል ነው። ቤቱን ጥሎ የሚጓዝ ሰው ቀኑን፣ ቤቱ ያለበትን አካባቢና የሚጠበቁትን እንስሳት ጠቅሶ ማስታወቂያ ያወጣል። ማረፊያ የሚፈልገው ደግሞ ስለ ራሱ ጽፎ ያመለክታል። በቪዲዮ ይተያያሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ ይስማማሉ። ብዙውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ገንዘብ አይለዋወጥም፤ አንዱ ኪራይ አይከፍልም፣ ሌላው ደሞዝ አይከፍልም። የሚከፈለው ለሚያገናኛቸው ድርጅት የሚሰጥ ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ ነው። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዟ ብራይተን ከተማ የተመሠረተው ትረስትድ ሃውስሲተርስ በዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ቆይታው ሲያልቅ ሁለቱም ስለ ሌላኛው አስተያየት ይጽፋሉ። በደንብ የጠበቀ ሰው ቀጣዩን ቤት በቀላሉ ያገኛል፤ ያበላሸ ደግሞ ስሙ ይከተለዋል።

ባለቤቶቹን የሚስባቸው ዋናው ነገር እንስሶቻቸው ናቸው። ውሻና ድመት በየማቆያው ከማደር በለመዱት ቤት ይቆያሉ። ሌላም ምክንያት አለ። እዚያ ብዙ የቤት መድን ውሎች ቤቱ ሰው ሳይኖርበት ከ30 ወይም ከ60 ቀን በላይ ከቆየ ሽፋናቸውን ይቀንሳሉ። ውጭ አገር ሄዳችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አንዳንድ አገሮች በማረፊያ የሚካካስ አገልግሎትን ደሞዝ ባይኖረውም እንኳ እንደ ሥራ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ስለዚህ ቪዛችሁ ምን እንደሚፈቅድ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ «ሃያ ጥያቄ ጽፈሽ ሂጂ» አለችኝ። ጻፍኩ። የፓምፑ ማብሪያ የት ነው? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የመብራት ካርድ ማን ይሞላል? ቡቺ ምን ይበላል፣ ከታመመስ ወዴት ይወሰዳል? የማይከፈት ክፍል አለ? እንግዳ ቢመጣብን ይፈቀዳል?

ወረቀቱን እናቴ አየችው፤ ፊቷ ተለወጠ። «ሰው ቤቱን አምኖ ሲሰጥሽ እንዲህ በጥያቄ ታፋጥጪዋለሽ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው። ይህን ካወቅሽ ይበቃል።» እኔ ግን በማርኬቲንግ ሥራዬ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ደንበኛ የሚቀየመው ቃል ስላላከበርንለት ብቻ አይደለም። ምን ቃል እንደገባን ሁለታችንም በየፊናችን ስንገምት ከቆየንም ይቀየማል።

እትዬ ጥያቄዎቹን ሳቅ እያሉ መለሱ። የመጨረሻው ላይ ደረስን። «ምን ሲያጋጥመን ነው ሌሊትም ቢሆን የምንደውልልዎ?»

«ውሃና እሳት ካልሆነ አትቀስቅሱኝ» አሉ።

ቢሾፍቱ፣ እንግዶች ሲሄዱ

ከአዲስ አበባ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ብትርቅም፣ ቢሾፍቱን የማውቃት በቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር፤ ጠዋት መሄድ፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ መብላት፣ ፎቶ መነሳት፣ ማታ በመኪና ሰልፍ መመለስ። ለ16 ሌሊት የሎጅ ሂሳብ ብንከፍል ኖሮ የዓመት ዕረፍታችን በሦስተኛው ቀን ያበቃ ነበር። በአደራ ቤት ግን ማክሰኞንና ረቡዕን አገኘን። ከተማዋ ራሷን የምትሆነው በእነዚህ ቀኖች ነው።

ወሩ የካቲት ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ደረቅ ብርሃን ነው። ከቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ስንሄድ ባቦጋያ ሐይቅ ከታች ብቅ ይላል። የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች የተኙት ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጎድጓዳዎች ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ዳርቻቸው ገደል የሚሆነው፤ ለዚህም ነው ልጅ ይዞ ወደ ውሃው መጠጋት ጥንቃቄ የሚፈልገው። ጥልቀት የሌለው ጨለለቃ ደግሞ የወፎች ነው። ልጄ ወፎቹን ለመቁጠር ሞክራ ሃያ ላይ ስትደርስ ቁጥሯ አለቀባት።

በሁለተኛው ሳምንት የሰፈሩ ሰዎች ሰላምታ ይሰጡን ጀመር። ልጄ ከጎረቤት ልጆች «አካም ቡልተን» ማለት ተምራ ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቹን ሳይቀር እንዴት አደራችሁ ትላለች። የአየር ኃይሉ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቀና ብለን የምናየው እኛ ብቻ ነበርን። ቅዳሜ ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚመጡት መኪኖች አስፋልቱን ሞሉት፤ ባለቤቴም «እንግዶቹ መጡ» አለ። ሳቅን፤ እኛም እኮ ከሁለት ሳምንት በፊት እንግዶቹ ነበርን።

በሰው ቤት መኖር ደግሞ ሆቴል ውስጥ ከማደር የተለየ ነው። ቁርስ የሚያቀርብ የለም፤ ዶሮዎቹን የምታበላው አንተ ነህ። ውሃ በፈረቃው ሲመጣ ሮቶው እስኪሞላ መጠበቅ፣ ፓምፑን በሰዓቱ ማጥፋት አለ። በሌላ ሰው ፎቶዎች መሃል ትበላለህ፣ የሌላ ሰው ሲኒ ስታጥብ እጅህ ይጠነቀቃል። ልጄ ሳሎን ውስጥ በሮጠች ቁጥር ዓይኔ ቡፌው ላይ ነበር። ዕረፍት ነው፤ ግን ጆሮውን አቁሞ የሚያርፍ ሰው ዕረፍት ነው።

ቡቺ

በዘጠነኛው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ወተት የምታመጣልንን ሴት በር ከፈትኩላት። ወተቱን ተቀበልኩ፣ ሂሳቧን ሰጠሁ፣ በሩን ገፋሁት። መቀርቀሪያውን ግን አልወረወርኩትም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጄ መጥታ «እማዬ፣ ቡቺ የለም» አለችኝ።

ባለቤቴ ወደ ሐይቁ፣ እኔ ልጄን ይዤ ወደ አስፋልቱ ወጣን። ሱቁን ጠየቅን፣ የባጃጅ ሾፌሮችን ጠየቅን። ያየው የለም። መንገዱ ላይ መኪና በጮኸ ቁጥር ልቤ ይቆማል። አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ባለቤቴ «እንደውል» አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ውሃ አይደለም፣ እሳት አይደለም። እዚያ ሌሊት ነው። ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ደግሞስ አሁን ብናገኘው ማን ያውቃል? እውነቱን ለመናገር የፈራሁት እንቅልፋቸውን አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ አፈርኩ። ስልኩን እጄ ላይ ይዤ ውሸት ሳይቀር አሰብኩ፤ «አጥሩን ዘሎ ወጣ» ልል።

ልጄ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ደወልኩ። በዋሽንግተን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። እትዬ ወዲያው አነሱ፤ ሕፃኑን አቅፈው ነቅተው ነበር።

«እትዬ፣ በሩን ሳልቀረቅረው ቀርቼ ቡቺ ወጥቶብኛል» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቀጥሎ የሰማሁት ቁጣ አልነበረም። «የት እንደሄደ አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ዘበኛችን ጋ ነው። ከጋሪ መቆሚያው ጀርባ ነው ቤታቸው። ከወጣ ሌላ የሚሄድበት የለውም። ልነግርሽ ይገባ ነበር። የተለያየነው ተነጋግረን አልነበረምና... አፈርኩ፣ የኔ ልጅ።»

ቡቺን ያገኘነው ከሽማግሌው መደብ ሥር ተጋድሞ ነው። እኔን ሲያይ ጅራቱን አንዴ መታና መልሶ ተኛ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስቸገርንዎ» አልኳቸው። ሽማግሌው ነጠላቸውን አነሱ። «ብቻውን ከእናንተ ጋር አይመጣም» ብለው እስከ ቤቱ ድረስ አብረውን ተራመዱ። ግቢው በር ላይ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም። ፓፓያዎቹን ከሩቅ አዩዋቸው፤ ከዚያ «እትዬ ደህና ናቸው? ልጅቷስ በሰላም ተገላገለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደህና ናቸው። ወንድ ልጅ ነው» አልኩ።

«እሰይ» አሉና ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ የሃያ ጥያቄዬን ወረቀት ደግሜ አነበብኩት። ስለ ፓምፕ፣ ስለ ካርድ፣ ስለ ሲሊንደር ሁሉ አለ። የጎደለው አንዱ መስመር ግን በይሉኝታ የታለፈ ነበር። እሳቸው አፍረው አልነገሩኝም፤ እኔም አፍሬ አንድ ሰዓት ተኩል አባከንኩ። እናቴ ልክ ናት፣ አደራ ጥብቅ ነው። ግን አደራን የሚያላላው አለመተማመን ብቻ አይደለም፤ እርስ በርስ በጣም የሚከባበሩ ሰዎች ሳይነጋገሩ ሲቀሩም ይላላል።

ቤታችሁን አደራ ስትሰጡ

• ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሌሊት አብራችሁ እደሩ። ፓምፑ፣ ቆጣሪው፣ ውሻው በቃል ከሚነገር ይልቅ በተግባር ይታያሉ።

• ሰውየውን ለጎረቤት አስተዋውቁ። አለበለዚያ ጎረቤት ወይ ሌባ ይለዋል፣ ወይ ሌባውን ከእሱ አይለይም።

• ውድ ዕቃና ሰነድ አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፉ። ይህ አለማመን አይደለም፤ አደራ ተቀባዩንም ያሳርፈዋል።

• ለቧንቧ ሠራተኛና ለእንስሳት ሐኪም የሚሆን የተወሰነ ገንዘብ ትታችሁ ሂዱ።

• የሚያሳፍረውንም ተናገሩ፤ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተጣላችሁት ጎረቤት፣ የሚነክስ ውሻ።

አደራ ስትቀበሉ

• ስትገቡና ስትወጡ ክፍሎቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

• መብራት፣ ውሃና ጋዝ ማን እንደሚከፍል፣ እንግዳ ይፈቀድ እንደሆነ ከመጀመሪያው ተስማሙ፤ ስምምነቱን በአጭር ጽሑፍ ያዙ።

• በሁለት ቀን አንዴ ፎቶ ላኩ። ለእትዬ የምንልከው የቡቺ ፎቶ ከሰላምታችን የበለጠ ያሳርፋቸው ነበር።

• ያበላሻችሁትን በዚያው ቀን ተናገሩ። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ያለው ባለቤቱ ዘንድ ነው።

• ልጆቻችሁ ትንንሽ ከሆኑና ቤቱ በብርጭቆና በክሪስታል የተሞላ ከሆነ፣ በትሕትና እምቢ ማለትም ይቻላል።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን እትዬና ጋሼ ተመለሱ። ቡቺ ሊበላቸው ደረሰ። ቡና ተፈላ፣ የሕፃኑ ፎቶ ዞረ። ዘጠኙን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆጥሬ አስረከብኩ፤ ምን እንደሚከፍት ያልታወቀውንም ጭምር። ከዚያ የጥያቄ ወረቀቴን ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ከሥሩ ሃያ አንደኛ መስመር ጨመሩ። የሽማግሌው ስምና የስልክ ቁጥር ነበር።

«ለሚቀጥለው ይሆናል» አሉኝ። በማግስቱ ከሰዓት፣ አዲስ አበባ ከገባን በኋላ፣ እናቴ ደወለችልኝ። እትዬ ከጋሪ መቆሚያው ጀርባ ለሽማግሌው የመጣላቸውን ጃኬት ይዘው ሄደው ነበር።