መዝገቡ ይመስክርላቸው

ካርቱም ሪያድ ሰፈር በሰው ቤት የሠራችሁ፣ ጅሬፍና ዴም አንድ ክፍል ለብዙ ተጋርታችሁ የኖራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን በተለይ እናንተ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ ሰው ንግድ ሲነሳ ሁላችንም ፖሊስና ፍርድ ቤት እናስባለን። ደላላ ግን ደረሰኝ አይቆርጥም፤ አጋችም ያገታቸውን በስም ዘርዝሮ አያስቀምጥም። ሰውነት ግን ያለፈበትን ይዞ ይመጣል፣ ሐኪምም ያየውን ይጽፋል። የሕክምና መዝገብ ትልቅ ምስክር ነው የምለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ስዊዘርላንድ በገቡ ስደተኞች ላይ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ተገኘ። ሌሎች የአውሮፓ ሀገሮችም መዝገባቸውን ሲያገላብጡ በሰባት ሀገሮች 29 ሕሙማን ተገኙ፤ የሶማሊያ፣ የኤርትራ፣ የኢትዮጵያና የሱዳን ልጆች። የባክቴሪያው ዘረ መል ሲመረመር ከአንድ ምንጭ የተነሳ ሆነ። ታዲያ በየሀገሩ ተበትነው የሚኖሩት እነዚህ ሰዎች የት ተገናኙ? የመጡበት መንገድ ሲጠና ሱዳንና ሊቢያ ላይ አደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናትም በሊቢያ የምትገኘውን ባኒ ወሊድን ጠቆመ። ስንቷ እናት ልጇን ለማስለቀቅ ከብቷን የሸጠችበት፣ የጎረቤት ደጅ የጠናችበት ባኒ ወሊድ! የላቦራቶሪ ውጤትና የሕሙማኑ የጉዞ ታሪክ ተደምረው የእገታውን ቦታ ጠቆሙ።

ቲቢው ከመገኘቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ደግሞ በኔዘርላንድስ፣ በስዊዘርላንድና በጀርመን ሐኪሞች በጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ ግርሻ አገኙ። ግርሻ በልብስ ቅማል ይተላለፋል፤ ትኩሳቱም ብዙ ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይነሳል። ከቤቱ ከወጣ ወራት ያለፉት ልጅ በሽታውን ከሀገሩ አላመጣውም ማለት ነው። የያዘው መንገድ ላይ ነው፤ ሰው በሰው ላይ በታጨቀበት፣ ልብስ መቀየር በማይታሰብበት ቦታ።

ይህ ሁሉ የታወቀው ግን ስደተኛው ሐኪም ፊት ስለቀረበ ነው። ካርቱም ሪያድ ሰፈር ከግቢ የማትወጣዋ የቤት ሠራተኛስ? ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ያለ፣ ደመወዟ ለደላላ ዕዳ የሚሄድ፣ ስትታመም «ከሻ (የፖሊስ አፈሳ) ያፍሰኛል» ብላ ክሊኒክ የማትደፍረውስ? ብትሄድም ማዳም አብራት ገብታ «ከደረጃ ወድቃ ነው» ካለች ካርዱ ላይ የሚቀረው መውደቋ ብቻ ነው። በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 መገባደጃ ጀምሮ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት የሕመም መለያ ውስጥ የግዳጅ ሥራና የግዳጅ ወሲባዊ ብዝበዛ የየራሳቸው ኮድ አላቸው። ጉዳቱ ራሱን የቻለ መለያ ካላገኘ በስብራትና በቁስል ስም ተቆጥሮ ይቀራል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ፤ አብዛኞቹ ሆስፒታሎቿም ሥራ አቆሙ። ብዙ ወገኖቻችን በገላባት በኩል መተማ ዮሐንስ ገቡ። ካርቱም ላይ ያልተጻፈውን ታሪካቸውን ይዘው የመጡት በሰውነታቸው ነው። ስለዚህ የድንበር ጤና ባለሙያ ሙቀት ለክቶ ብቻ ማሳለፍ የለበትም። ለብቻቸው አድርጎ፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በማን በኩል ሄዱ፣ ወረቀታቸውን ማን ያዘው፣ መውጣት ይችሉ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅ። በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተጎጂን ስለ መጠበቅ ይናገራል፤ ጥበቃውም ከምርመራ ክፍሉ መጀመር አለበት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። መዝገቡ የታማሚው ነው። ለጥናት ሲወጣ ስም፣ ስልክና የትውልድ ቀበሌ ይነሱለት። ያለ ፈቃዱ ለፖሊስም ለኢሚግሬሽንም እንዳይተላለፍ። አንድ ሰው በካርዱ ምክንያት ከተያዘ ወሬው በአንድ ቀን ይዳረሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚታከምም የሚቆጠርም አይኖርም።

ከሱዳን የተመለሳችሁ ወገኖቼ፣ ታከሙ። ሳል ከሰነበተባችሁ ቲቢ ተመርመሩ፤ ለምታምኑት ሐኪም የሆነባችሁን ንገሩ። የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ እናንተም «ወደቀች» ከማለታችሁ በፊት ብቻዋን ጠይቋት፣ ያለችውንም እንዳለችው ጻፉላት።