እኔ ካልነካሁት አይንቀሳቀስም

ስልኩን የቀማሁት ቅዳሜ ከሰዓት በወጣቶች ጥናት መካከል ነበር። የሸዋ ሮቢትን የሚያዝያ ሙቀት የቀመሰ ሁኔታውን ያውቀዋል፤ መብራት ጠፍቷል፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ከላይ ይጋገራል። እኔ ደግሞ ስለ ትዕግሥት እያስተማርኩ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሳየው የሚጸልይ መሰለኝ። ጠጋ ስል ጣቱ ስክሪኑ ላይ ነው። እጄን ዘረጋሁ። ሳያንገራግር ሰጠኝና፣ "ግድ የለም ጋሼ፣ እስኪያበቁ ይያዙት። እኔ ካልነካሁት አይንቀሳቀስም" አለኝ።

ከጥናቱ በኋላ ስልኩን ከተግሣጽ ጋር መለስኩለት። ጊዜ ማባከን ነው፣ አእምሮ ያደነዝዛል፣ የተለመደውን ሁሉ አልኩ። አዳመጠኝና፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት። አምስተኛው ፎቅ ከደረሱ ስልኬን ለአንድ ወር ለእናቴ እሰጣለሁ" አለ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውርርድ እንደማይፈቀድ ነገርኩት። ግን ጌሙን ከእርሱ ስልክ ወደ እኔ ስልክ ሲልክልኝ ዝም አልኩ። ስሕተቴ የጀመረው እዚህ ጋ ይሁን ወይስ መማሬ፣ አሁንም ለይቼ አልጨረስኩም። ይህን የምጽፈውም እርሱን አስፈቅጄ ነው።

ጌሙ ሻተርድ ፒክስል ደንጀን ይባላል። ኦሌግ ዶልያ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ፒክስል ደንጀን የሚባል ትንሽ የስልክ ጌም ሠርቶ ኮዱን ማንም እንዲጠቀምበት ክፍት አደረገው። ኤቫን ደበንሃም ደግሞ ከ2014 ጀምሮ በዚያው ላይ ሲገነባ ኖረ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ በነጻ ይሠራል፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ በሚመላለስበት በእኛ አገር ለምን ከስልክ ወደ ስልክ እንደሚዛመት ይህ ብቻ ይበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሆነህ ከመሬት በታች ባለ ዋሻ ትገባለህ። ሃያ ስድስት ፎቅ ወደ ታች አለ። በየአምስት ፎቁ አንድ ኃይለኛ አለቃ ይጠብቅሃል። በመንገድህ ምግብ፣ ጋሻ፣ ጥቅልል ጽሑፍና በቀለም የተለያዩ ብልቃጦች ታገኛለህ። በብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ ግን እስክትጠጣው አታውቅም። ከሞትክ አለቀ፤ "ካቆምኩበት ልቀጥል" የለም። ከአንደኛው ፎቅ፣ ከባዶ እጅ ትጀምራለህ። ስትጀምር ደግሞ ዋሻው ራሱ ተቀይሯል፤ ክፍሎቹ፣ በሮቹ፣ ወጥመዶቹ፣ የብልቃጦቹ ቀለም ሁሉ እንደ ካርታ ተበውዟል።

በመጀመሪያው ሌሊት ቀይ ብልቃጥ አግኝቼ ጠጣሁ፤ እሳት ነበር፤ ነድጄ ሞትኩ። ቀይ እሳት እንደሆነ በአእምሮዬ መዘገብኩ። በሁለተኛው ሙከራ ቀይ ሳገኝ "አውቄሃለሁ" ብዬ ጠላት ላይ ወረወርኩት፤ የፈውስ መድኃኒት ነበር፤ በከንቱ ፈሰሰ። በሦስተኛው በራብ ሞትኩ። በአራተኛው ለመሸሽ ስችል በእልህ ተዋግቼ ሞትኩ። አምስተኛውን ስጀምር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር።

ይህ ዓይነት ጌም ሮግላይክ ይባላል፤ "ሮግን የሚመስል" ማለት ነው። ሮግ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ የካሊፎርኒያ ተማሪዎች የጀመሩት፣ በኋላም ኬን አርኖልድ የተጨመረበት ጌም ነው። ሥዕል አልነበረውም፤ ግድግዳው ሰረዝ፣ ጭራቆቹ ከኤ እስከ ዜድ ያሉ የላቲን ፊደላት ነበሩ። ያነሣሣቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ጌሙን የሠራው ሰው ራሱ ሲጫወተው ሊደነቅ ይችላል? በዚያን ዘመን የነበሩት የጀብዱ ጌሞች አንዴ መልሳቸው ከታወቀ ያልቁ ነበር። እነርሱ ግን ኮምፒውተሩ በየጊዜው አዲስ ዋሻ እንዲቆፍር አደረጉት። ስለዚህ መንገዱን መሸምደድ አይቻልም፤ የሚቻለው አካሄድን መማር ብቻ ነው።

የማይለቀው ጣዕምም ከዚህ ይመጣል። አሥር ጊዜ ሞቼ ምንም አልያዝኩም፤ ሆኖም በአሥራ አንደኛው ከመጀመሪያው የተሻልኩ ነኝ። አምስተኛው ፎቅ ላይ ጉ የሚባል ጥቁር ዝልግልግ ፍጥረት አለ። ውኃ ላይ ሲቆም ቁስሉ ይድናል፤ ሲያብጥ ከባድ ምት እያዘጋጀ ነው፤ ያኔ መራቅ ያስፈልጋል። ይህን የነገረኝ የለም፤ አራት ጊዜ ገድሎኝ ተማርኩት። የተጠራቀመው በባሕርዩ ኮሮጆ ውስጥ ሳይሆን በእኔ ውስጥ ነው።

ወንድሙ የሚባለው ዓይነት፣ ሮግላይት፣ ትንሽ ይራራል፤ ሞተህም የምታተርፈው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሮግ ሌጋሲ ስትሞት ልጅህ ይተካሃል፤ ወርቅህንና ቤተ መንግሥትህን ይወርሳል፤ ከራሱ ጋርም አንዳንዴ እንደ ዓይን ድካም ያለ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። በ2020 በወጣው ሄይድስ ደግሞ ከሙታን ዓለም ለማምለጥ የሚሞክረው ልጅ በሞተ ቁጥር ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፣ በዚያ ያሉትም ያነጋግሩታል። ለወላጆች አንድ ነገር ልጠቁም፦ ዘ ባይንዲንግ ኦቭ አይዛክ የሚባለው የ2011 ጌም ስሙን የወሰደው ከዘፍጥረት 22 ቢሆንም የሰንበት ትምህርት መስሏችሁ ለልጅ አትስጡ፤ ከእናቱ ሸሽቶ ምድር ቤት የገባ ሕፃን ታሪክ ነው፣ ሥዕሉም ይከብዳል።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። በሁለተኛው ሳምንት ከማኅበራችን አንዲት እናት ባለቤታቸውን ቀብረው ነበር። ማክሰኞ ማታ ሄጄ አብሬያቸው ላመሽ ቃል ሰጥቼ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ "አንድ ጊዜ ብቻ" ብዬ ስልኩን አነሣሁ። በዚያ ቀን ዕድሌ ቀንቶ ጉን አሸነፍኩ፤ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው ፎቅ እያልኩ ወረድኩ። ዘጠነኛው ላይ ሞቼ ቀና ስል አራት ሰዓት አልፏል። በማግስቱ ስሄድ እናታችን አልተቆጡኝም። "ትናንት ቡናውን አቆይተን ስንጠብቅህ አመሸን፤ ደኅና አይደለም ብዬ ሰጋሁ" አሉኝ። በሐዘናቸው ላይ ስለ እኔ መስጋት ጨመርኩባቸው። ከዋሻው ሞት ሁሉ ይህ ባሰኝ።

ለልጁ ነገርኩት፤ አስተማሪነቴን ሳይሆን ውድቀቴን። ሳይስቅብኝ ሰማኝ። "አንተስ ለምን ትጫወተዋለህ?" አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ስለ ኅዳር 2014 ዓ.ም አወራኝ።

ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ እርሱ ገና ትንሽ ነበር። ማሳቸው ላይ ለነቀላ የደረሰ ሽንኩርት ነበር። የሚያዝ ይዘው፣ የቀረውን ትተው፣ በደብረ ሲና በኩል የጣርማበርን ዳገት ወጥተው ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ገቡ። ከቆላ የወጣ ሰው ያንን ብርድ አይረሳውም። ሲመለሱ ሽንኩርቱ የለም፤ የውኃ መሳቢያ ሞተሩም የለም። "ያኔ ሁሉም ነገር ያለ እኛ ነበር የሚንቀሳቀሰው" አለኝ። "መኪናው፣ ሰዉ፣ ወሬው። አባቴ እንኳ የሚያደርገውን አያውቅም ነበር። እዚህ ግን እኔ አንድ እርምጃ ካልተራመድኩ ጠላቱም አይራመድም። ማሰብ እችላለሁ።"

ቅዳሜ ዕለት ስልኩን ስቀማው የነገረኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም።

አባቱን አውቃቸዋለሁ። በሬ ሸጠው፣ ተበድረው፣ እንደገና መደብ አዘጋጅተው ችግኝ አፈሉ። ሽንኩርት ከመደብ እስከ ነቀላ አራት ወር ያህል ይፈልጋል፤ ሲደርስም ዋጋውን የሚቆርጠው ገበሬው አይደለም። እርሳቸውም ከአንደኛው ፎቅ ጀመሩ፤ የቀራቸው የውኃ ማጠጫ ቀን መቁጠርና የቅጠል ሕመም መለየት ብቻ ነበር። ጌሙ በዚህ እውነት ይናገራል፤ ያወቅኸውን ማንም አይዘርፍህም።

በሁለት ነገር ግን ይዋሻል፤ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ። አንደኛው፣ በዋሻው ውስጥ መሞት አያስከፍልም። ጋሼ ግን እንደገና ለመጀመር በሬያቸውን ከፈሉ። ሁለተኛው ይብሳል። የእነዚህ ጌሞች ተጫዋቾች ሲሸነፉ "የት ጋ ተሳሳትኩ?" ብለው ወደ ኋላ ይመረምራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ስሕተታቸውን ያገኙታል። ለጌም መልካም ልማድ ነው። ይህን ይዞ የተፈናቀለ ሰው ቤት መግባት ግን የኢዮብን ወዳጆች መሆን ነው። እነርሱም ሰባት ቀን ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር፤ ያጠፉት ለጥፋቱ ሁሉ የእርሱን ስሕተት መፈለግ ሲጀምሩ ነው። ያን ሽንኩርት ያጠፋው የጋሼ ስሕተት አልነበረም። ልጃቸውም "ምን ብናደርግ ኖሮ?" እያለ ስንት ሌሊት እንዳደረ ነግሮኛል። "ምንም" አልኩት። ለዚህ ልጅ ካስተማርኩት ሁሉ የሚረባው ይህ አንድ ቃል ይመስለኛል።

ጌሙን ከስልኬ አላጠፋሁትም። በሳምንት አንድ ምሽት፣ አንድ ሙከራ፤ ሲሞት ስልኩ ይዘጋል። እስካሁን አሥረኛውን ፎቅ አላለፍኩም፤ እርሱ ሃያኛው ደርሷል፣ ይመካብኛልም።

ባለፈው ቅዳሜ ከጥናት በኋላ ወደ እናታችን ቤት ልሄድ ስነሣ አብሮኝ ተነሣ። በጨዋታ መካከል እንደነበረ አይቻለሁ። "ጨርሰህ ና፣ እጠብቅሃለሁ" አልኩት።

ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። "እሱ ይቆየኛል ጋሼ" አለ። "እማማ ቡና አፍልተዋል፣ እንሂድ።"