የእማዬ ጀሪካን

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምውል የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ለፋሲካ ውጫሌ ገብቼ፣ እናቴን ላግዝ ብዬ የ20 ሊትር ጀሪካን ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ወገቤ ቋ አለ። ሕመሙ እስከ እግር ጣቴ ወረደ። «ወጌሻ ይይሽ» አለች እማዬ። እምቢ ብዬ ሳምንት ተኛሁ፤ ባሰብኝ።

ደሴ፣ ሐኪሙ በጀርባዬ አስተኝቶ እግሬን ቀጥ አድርጎ ሲያነሳው ጮህኩ። «ዲስክ መንሸራተት ነው» አለኝ። ስሙ ያሳስታል እንጂ ዲስኩ ሾልኮ አይሄድም፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ሽፋኑ ይቀደድና ለስላሳው ውስጡ ወጥቶ ነርቭ ይነካል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ግን ለነገ አይባልም። የታዘዘልኝ ማስታገሻና፣ የሚገርመው፣ በእግር መሄድ ነው።

«ከቤተሰብ ወገቡን የሚታመም አለ?» ሲለኝ «የለም» አልኩ።

«እኔ አለሁ እንጂ፤ ሃያ ዓመቴ» አለች እማዬ ከኋላዬ።

ወጥቼ ለእሷም ካርድ አወጣሁ።