ደብዳቤውና የቡናው ፍሬ

ሰው አሳቡን ለባልንጀራው የሚገልጽበት መንገድ ብዙ ነው። በአንደበቱ ይናገራል፤ በብዕሩ ይጽፋል፤ በዜማ፣ በስጦታ፣ በዝምታም ሳይቀር ይገልጻል። ነገር ግን የተነገረ ሁሉ ተሰማ፣ የተጻፈም ሁሉ ገባ ማለት አይደለም። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ነው።

በ1990 ዓ.ም.፣ የእጅ ስልክ ወደ ቆላው አገር ሳይደርስ፣ በነገሌ ቦረና ከተማ ለሰው ደብዳቤ እየጻፍሁ እተዳደር ነበር። አንድ ቀን አንድ የቦረና ሽማግሌ መጡና «ልጄ፣ ሞያሌ ላለው ታናሽ ወንድሜ ጻፍልኝ። በከብት ነገር ከተጣላን ሦስት ዓመት ሆነን። ከብቶቹ ውኃ ሲወርዱ ድምፁን ይፈልጋሉ፤ እኔም እንደ እነርሱ ነኝ በልልኝ» አሉኝ። እኔ ግን በትምህርቴ የምኮራ ወጣት ስለ ነበርሁ፣ ንግግራቸው ለወረቀት የማይገባ መሰለኝ። ስለዚህ «ጉዳዩ፦ በመካከላችን ያለውን አለመግባባት ይመለከታል» ብዬ ጀመርሁና «በአስቸኳይ እንድትቀርብ» ብዬ ጨረስሁ። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉምና አመስግነው፣ ከፍለው ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። ወንድማቸው ደብዳቤውን ቢያስነብበው የክስ መጥሪያ መስሎት «ሊያሳስረኝ ነው» ብሎ ከቤቱ ርቋል። «ልጄ፣ እኔ ያልሁህን ነውን የጻፍኸው?» ብለው ጠየቁኝ። የዚያን ዕለት እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እውነቱን ነገርኋቸው፤ ገንዘባቸውንም መለስሁ። እርሳቸው ግን አልተቆጡም። በመንገደኛ እጅ አንድ ጭብጥ የቡና ፍሬ ላኩለት። በቦረና ዘንድ ፍሬው በቅቤ ተጠብሶ ሲቀርብ ምርቃትና ሰላም አብሮ ይቀርባልና፣ ነገሩ ወዲያው ገባው። ዝናቡ ሳያባራ ነገሌ ደረሰ።

ይህን ስል ወረቀት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያዘጋጅ፣ የሕዝቡን ተረትና ዘፈን በቃሏ የምታውቀው አስቴር ጋኖ ረድታዋለች። ጽሕፈት የተናጋሪውን ቃል ሲያከብር ሩቅ ይደርሳል። የእኔ ጥፋት መጻፌ ሳይሆን የሽማግሌውን ቃል ጥዬ የራሴን ኩራት መጻፌ ነበረ።

ዜማም የራሱ ሥራ አለው። በዱብሉቅ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲ ሲቀባበሉ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ የአንዱን እጅ ከሌላው ጋር ያስማማል። በዚያ ሥፍራ ረጅም ንግግር ቢደረግ ባልዲው ይወድቃል። በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ግን ሕጉ በሰፊው ይመከርበታል፤ በዚያም ዘፈን ብቻውን አይበቃም።

ሽማግሌው ዓመት ቆይተው ሌላ ደብዳቤ ሊያስጽፉ መጡ። ያሉኝን ሁሉ ሳልቀንስ ሳልጨምር ጽፌ ባነብላቸው፣ ፈገግ ብለው «አሁንስ እኔ ነኝ» አሉ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተም ብዕርህን ከማንሣትህ፣ አፍህንም ከመክፈትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ የምገልጸው ምንድን ነው? የሚሰማኝስ ሰው በምን ይሰማኛል? ሁለተኛውን የረሳ፣ ቃሉ ምንም ያማረ ቢሆን፣ ወንድሙን ከቤቱ ያሸሻል።