ሁለተኛ መነሻ

ብዙዎቻችን ኳስ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን እግር ኳስ ነው። እኔም ለትምህርት ወደ አሜሪካ እስክመጣ ድረስ ሶፍትቦል ስለሚባለው ጨዋታ ከስሙ በቀር የማውቀው አልነበረም። ዛሬ ስለዚሁ ጨዋታ፣ ይልቁንም ስለ አንዲት ልጅ እግር ልጽፍ ብነሣ «ይኸ ሰው የሚጽፈው ቢያጣ ነው» እንዳትሉኝ እለምናለሁ። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ቢሆንም እኔ ያፈርሁበት ጉዳይ ግን የልጅ አይደለም።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የምኖረው በሜሪላንድ ከአክስቴ ቤት ነበር። አክስቴ በዚያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ የቤት ስሟ ሚጣ ነው። አክስቴም ባላቸውም ቅዳሜና እሑድ ሥራ ስለሚገቡ፣ ልጅቱን ወደ ጨዋታ ሜዳ የማመላለሱ ተግባር በእኔ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ መጽሐፌን ይዤ እየሄድሁ ጥግ እቀመጥ ነበር። ወር ሳይሞላ መጽሐፉ ቤት መዋል ጀመረ።

ጨዋታውን ለማያውቁ ባጭሩ ልግለጥ። ሶፍትቦል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 በቺካጎ ከተማ፣ በአዳራሽ ውስጥ የተጀመረ የቤዝቦል ታናሽ ነው። በፈጣኑ ዓይነት ሶፍትቦል ትልቁ ሥልጣን ያለው በወርዋሪዋ እጅ ነው። በመሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ርዝመቱ 24፣ ስፋቱ 6 ኢንች የሆነ ነጭ ላስቲክ አለ። ወርዋሪዋ ከዚያ ላይ ቆማ ክንዷን እንደ ነፋስ ወፍጮ ታዞርና ኳሱን ከዳሌዋ አጠገብ፣ ከታች በኩል ትለቀዋለች። ለሚጣ እኩዮች ከላስቲኩ እስከ መቺዋ ያለው ርቀት 40 ጫማ፣ ማለት 12 ሜትር ያህል ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 43 ጫማ ይሆናል።

አወራወሩ በጥብቅ ደንብ የታሰረ ነው። ወርዋሪዋ ሁለት እጆቿን አገናኝታ ቢያንስ 1፣ ቢበዛ 10 ሴኮንድ መቆየት አለባት። ክንዷን ከአንድ ዙር ተኩል በላይ ማዞር አትችልም። ወደ መቺዋ የምትራመደው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ እርሱም ከላስቲኩ ርዝመት ግራና ቀኝ መውጣት የለበትም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የኋላው እግር ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ሚጣ ትጫወትበት በነበረው ደንብ፣ ይኸ እግር ላስቲኩን ገፍቶ ከተነሣ በኋላ መሬቱን እየጫረ መከተል ነበረበት። ስለዚህም የወርዋሪዎች ጫማ አፍንጫው ቶሎ ይበላል።

በዚህ እግር ሁለት ጥፋት ይሠራ ነበር። አንደኛው ዝላይ ነው፤ ይኸውም ኳሱ ሳይለቀቅ ሁለቱም እግሮች ከመሬት መነሣታቸው ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ «ክሮው ሆፕ» የሚሉት፣ የቁራ እመር እመር እንደ ማለት ነው። በዚህኛው የኋላው እግር ከላስቲኩ ተነሥቶ ወደ ፊት ያርፍና፣ ካረፈበት እንደ ገና መሬቱን ገፍቶ ይወረውራል። እንዲህ የምታደርግ ልጅ ሁለት ጊዜ ጉልበት ታገኛለች፤ ርቀቱም ያጥርላታል። ደንቡ ይህን ሁለተኛ መነሻ ይለዋል።

ሚጣ የምትወረውረው በሁለተኛ መነሻ ነበር።

ይህን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ለአክስቴ ላሳያቸው ብዬ አወራወሯን በስልኬ ቀርጬ፣ ማታ ሥዕሉን አዘግይቼ ስመለከተው የቀኝ እግሯ ከላስቲኩ ብድግ ብሎ ሁለት ጫማ ያህል ወደ ፊት ያርፋል፤ ከዚያ ይገፋል። በማግሥቱ ለአሠልጣኟ ባሳየው ሰውየው ሣቅ ብሎ «ሁሉም ያደርገዋል፤ ዳኞቹም አያዩትም» አለኝ። እኔም ዝም አልሁ። እውነቱን ለመናገር ዝም ያልሁት አሠልጣኙን አምኜ አይደለም። የልጅቱ ቡድን በተከታታይ ያሸንፍ ነበር፤ የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ስሟን እየጠሩ ሲያጨበጭቡላት እኔ በሰው አገር ያለሁ መሆኔን እረሳ ነበር። ይህ ደስታ እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ከሌሎች ሴቶች ልጆች ላይ ሁለት ጫማ የሰረቀ ዝምታ ነበር።

በሐምሌ ወር 2022 ከአንድ ትልቅ ውድድር ገባን። በመጨረሻው ዙር ሦስቱም ቤዞች በተቃራኒ ሯጮች ተይዘዋል። መቺዋ ሦስት ቦል ተቆጥሮላታል፤ አንድ ቢጨመር በነፃ ታልፋለች፣ በሦስተኛው ቤዝ ያለችውም ገብታ ነጥብ ይሆናል። ሚጣ ክንዷን አዞረች። ኳሱ ገና ከእጇ ሳይወጣ ዳኛው ግራ ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ጡጫቸውን ጨበጡ። ይህ ሕገ ወጥ ውርወራ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ነው። ኳሱ መልካም ቢሆንም እንደ ቦል ተቆጠረና ነጥቡ ገባ። ለሚቀጥለዋም መቺ ዳኛው ክንዳቸውን ሁለት ጊዜ ዘረጉ። ሚጣ ኳሱን መሬት ላይ ጣለችና ማልቀስ ጀመረች። ወላጆቹ በዳኛው ላይ ጮኹ። እኔም፣ አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፣ ከጮኹት አንዱ ነበርሁ።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ዳኛው ጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ አልተቆጡም። ወደ ላስቲኩ ወስደው በጣታቸው መሬቱን አሳዩኝ። ከላስቲኩ ፊት ወርዋሪዎች ሁሉ የቆፈሩት አንድ ጉድጓድ አለ። ከእርሱ ሁለት ጫማ ያህል ራቅ ብሎ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ነበር። «ይህችን የቆፈረች አንዲት ልጅ ብቻ ናት» ብለውኝ ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚጣ ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብዙ ዝም አለች። በመጨረሻ፣

«ጋሼ፣ አንተ አይተኸው ነበር?» አለችኝ።

«አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

የምመልሰው አጣሁ። ፍልስፍና ክፍል ገብቼ ስለ ፍትሕ ረጅም ድርሰት የጻፍሁት በዚያው ዓመት ነበር።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን በሙሉ በአክስቴ ጋራዥ ውስጥ ሠራን። በጠመኔ ቀጥ ያለ መሥመር እያሰመርሁላት፣ እርሷ የጫማዋን አፍንጫ በመሥመሩ ላይ እየጎተተች ትወረውር ነበር። መጀመሪያ ፍጥነቷ ቀነሰ። በጸደይ ሌላ ልጅ ቦታዋን ወሰደችባት፤ ሚጣም ብዙ ጨዋታ ከወንበር ላይ ሆና ተመለከተች። አባቷ «ያለ ጥፋቷ ተቀጣች» ብለው ተቀየሙኝ። ሐቅ አላቸው፤ ጥፋቱ ከእርሷ ይልቅ የእኔና የአሠልጣኙ ነበር፤ ቅጣቱን የከፈለችው ግን እርሷ ናት።

አሁን ነገሩን የሚያወሳስብ አንድ ቁም ነገር ልጨምር። ከ2024 ጀምሮ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ፌዴሬሽን ደንቡን ለወጠ። የኋላው እግር ከመሬት ቢነሣ ጥፋት መሆኑ ቀረ፤ ዝላይ ተፈቀደ ማለት ነው። ሚጣ ይህን ስትሰማ ሮጣ መጥታ «ያን ጊዜ ልክ ነበርሁ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም። አዲሱ ደንብ ዝላይን ሲፈቅድ ሁለተኛ መነሻን እንደ ከለከለ ነው፤ እግሩ ከአየር ወርዶ እንደ ገና መግፋት አይችልም። በአየር ላይ ያለ እግር የሚገፋው ነገር የለውም፤ ወደ ፊት ያረፈ እግር ግን መነሻውን ወደ ሌላዋ ልጅ አስጠግቷል።

ከዚህ የተማርሁት ሁለት ነገር ነው። ደንብ የማይለወጥ ቃል አይደለም፤ ትርፍ ነገር የከለከለ መስሎ ከታየ በግልጽ ተከራክሮ ማስለወጥ ይቻላል፤ ዝላይም የተፈቀደው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ደንብን በግልጽ ማስለወጥና ዳኛ እስካላየ ድረስ መጣስ አንድ አይደሉም። እኛ ተማሪዎች ስለ መጥፎ ሕግ ብዙ እንናገራለን፤ መናገራችንም መልካም ነው። ሆኖም በፈተና አዳራሽ ከጎረቤት ወረቀት የሚቀዳው ጓደኛችን ሕግ እየለወጠ አይደለም፤ ሁለተኛ መነሻ እየቆፈረ ነው። አይተን ዝም የምንለውም አብረን እንቆፍራለን።

ሚጣ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ከ43 ጫማ ትወረውራለች፤ አንዳንድ ቀን ታሸንፋለች፣ አንዳንድ ቀን ትሸነፋለች። ጨዋታው ሲያልቅና ሰው ሲበተን እኔ ቀስ ብዬ ወደ ላስቲኩ እሄድና መሬቱን አያለሁ። እርሷም ከሩቅ ሆና «ስንት ነው፣ ጋሼ?» ትለኛለች።

«አንድ ነው» እላታለሁ።