ሣሩ ሐምራዊ የሆነበት ክረምት

የማጠቃለያ ፈተና በተቃረበበት ወር ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ የሚጽፍ ተማሪ ሥራ ፈት ቢባል የሚገባው ነው። እኔም ይህን ስም ላለመሸከም ብዬ ጉዳዩን በልቤ ይዤው ቆይቻለሁ። ነገር ግን ባለፈው ክረምት የደረሰብኝ ነገር ከጨዋታ አልፎ ስለ ንባብም ስለ ዘመድም ጥቂት ያስተማረኝ ስለ ሆነ፣ አንባቢዎች ታግሠው እንዲሰሙኝ እለምናለሁ።

በቤታችን ታላቅ ወንድሜ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። በልጅነቴ፣ እርሱ ከሥራ ተመልሶ ራት ከተበላ በኋላ፣ «ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2» የሚባለውን ጨዋታ እንከፍት ነበር። ማውሱን የሚይዘው እርሱ ነው። የኔ ሥራ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንጨቱንና ወርቁን መቁጠር፣ ጠላት በጫካ በኩል ሲመጣም «ጋሼ፣ መጡብህ!» ብሎ መጮህ ነበር። ኋላ እርሱ ወደ ዱባይ ሄደ። በሄደበት ዋዜማ የጀመርነው ጨዋታም ሳያልቅ፣ ሴቭ ተደርጎ ቀረ።

ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ ተነጋገርን። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ጤናና ስለ ገንዘብ ከተጠያየቅን በኋላ የምንለው ያልቅብን ነበር። ዝም ስንባባል እርሱ «ያ ጨዋታ አለ?» ይለኛል፤ እኔም «አለ ጋሼ፣ እየጠበቀህ ነው» እለዋለሁ። በዚህች አንዲት ጥያቄ ነበር ወንድማማችነታችን ተንጠልጥሎ የኖረው። እንግዲህ ባለፈው ክረምት ለሁለት ሳምንት ፈቃድ እንደሚመጣ ሲነግረን ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መገመት ይቻላል።

ደስታዬ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ባለው ወር፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የሚያስፈልገኝ ፕሮግራም በዊንዶውስ ኤክስፒ አልሠራም ስላለኝ፣ ኮምፒዩተሩን ፎርማት አድርጌ ጉልበቱ የሚችለውን ዊንዶውስ 7ን ጭኜበት ነበር። የጨዋታውን ፎልደር አስቀድሜ በፍላሽ ገልብጬ ስለ ነበር ምንም የሚጠፋ አልመሰለኝም። ጨዋታውን መልሼ ስከፍተው ግን ሣሩ ሐምራዊ፣ ውሃው ቀይ፣ የመነኩሴው ልብስ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። በጎቹ እንደ ወትሮው ይጮኻሉ፣ እንጨት ቆራጩም ይቆርጣል፤ ቀለሙ ብቻ ያበደ ይመስላል።

ያን ጊዜ ያላደረግሁት ነገር የለም። የስክሪኑን ገመድ ነቅዬ አጸዳሁ፤ ሲዲውን በጨርቅ ወለወልሁ፤ ጨዋታውን አጥፍቼ ሦስት ጊዜ ጫንሁ። አንድ ጠጋኝም «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ዋጋው የሁለት ወር ኪሴ ነበር። ልገዛው ገንዘብ መበደር ጀምሬ ሳለሁ፣ በዶርም ከኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው የምህንድስና ተማሪ «ቆይ እንጂ፣ ካርዱ ቢቃጠል ሣሩን ብቻ መርጦ ያበላሻል?» ሲል አስቆመኝ።

ምክንያቱን ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ጨዋታው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያን ጊዜ የኮምፒዩተር ሜሞሪ ውድ ስለ ነበር በቁጠባ ይሠራበት ነበር። 800 በ600 የሆነ ስክሪን 480,000 ነጥቦች አሉት። ለያንዳንዱ ነጥብ ሙሉውን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ለመጻፍ ሦስት ሦስት ባይት፣ ማለትም 1,440,000 ባይት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጨዋታው ለያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ብቻ ይጽፋል። ቁጥሩ ራሱ ቀለም አይደለም። የትኛው ቁጥር የትኛው ቀለም እንደ ሆነ የሚናገር፣ ፓሌት የሚባል ባለ 256 መደብ ሠንጠረዥ ለብቻው አለ። እናቶቻችን ጥልፍ ሲጠልፉ ንድፉ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ የክሩ ዝርዝር ግን በሌላ ወረቀት ነው። ያን ወረቀት ቢለውጡባቸው ስፌቱ አንድም ሳይሳሳት አበባው ጥቁር ሊሆን ይችላል።

የኔም ጨዋታ የደረሰበት ይኸው ነው። ሠንጠረዡ ለመላው ስክሪን አንድ ብቻ ነው። ዴስክቶፑንና ታስክባሩን የሚሥለው ኤክስፕሎረር የሚባለው ፕሮግራም፣ በዊንዶውስ 7 ላይ፣ ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ የራሱን ቀለሞች በሠንጠረዡ ላይ ይጽፋል። እንግዲህ ሥዕሉ አልተበላሸም፤ ቁጥሮቹም እንዳሉ ናቸው። የተለወጠው መፍቻው ነው።

መድኃኒቱም ከምክንያቱ የቀለለ ሆነ። ታስክ ማኔጀርን ከፍቶ ኤክስፕሎረርን መዝጋት ነው። ታስክባሩና በዴስክቶፑ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ልብ ይደነግጣል፤ ግን ምንም አልጠፋም። ከዚያው ከታስክ ማኔጀር ጨዋታውን መክፈት፣ ሲያበቃም ኤክስፕሎረርን በስሙ መልሶ መጥራት ነው። ይህን ሁልጊዜ በእጅ ላለማድረግ በኖትፓድ ሦስት መስመር ጻፍን። አንደኛው ኤክስፕሎረርን ይዘጋል፣ ሁለተኛው ጨዋታውን ከፍቶ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ኤክስፕሎረርን ይመልሳል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባሉት ሲስተሞች ባለ 256 ቀለሙ አሠራር በማስመሰል እንጂ በቀጥታ ስለማይሠራ፣ አሮጌውን ቋንቋ ለአዲሱ ግራፊክስ ካርድ የሚተረጉም አነስተኛ ፋይል በጨዋታው ፎልደር ውስጥ ማኖር ይሻላል።

ጓደኛዬ «አዲሱን ለምን አትገዛም?» ማለቱም አልቀረም። እውነት ነው፤ ጨዋታው በ2013 እና በ2019 ታድሶ ወጥቷል፤ በ2015 በወጣው ተጨማሪ ክፍልም ኢትዮጵያውያን ከነሾተላቸው፣ ዮዲትም ከነታሪኳ ገብተውበታል። ይህ ሁሉ ያስደስታል። ወንድሜ ትቶት የሄደው ጨዋታ ግን ያለው በአሮጌው ውስጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ አንድ አሳብ አልለቀኝም አለ። እኛ የኪነ ጥበባት ተማሪዎች በየቀኑ የምናደርገው ከዚያ ጠጋኝ ሥራ በምን ይለያል? በሁለተኛ ዓመቴ ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሳነብ «ጨዋ» የሚለውን ቃል አግኝቼ፣ ንጉሡ በየጠረፉ ትሑታንና ምግባረ ሰናዮችን አሰፈሩ ብዬ ጽፌ ነበር። መምህራችን ሥቀው፣ ጨዋ በዚያ ዘመን የንጉሥ ጭፍራ፣ ወታደር ማለት መሆኑን ነገሩን። በቤተ ክህነት ደግሞ ያልተማረውን ሰው ጨዋ ይሉታል። ፊደሉ አንድ ነው፤ ሠንጠረዡ ግን በየዘመኑና በየቤቱ ሌላ ነው። የአባቶቻችን ጽሑፍ ሐምራዊ ሣር መስሎ ሲታየን «ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» ከማለታችን በፊት፣ በላዩ ላይ የራሳችንን ቀለም ጽፈንበት እንደ ሆነ ብንመረምር መልካም ነው።

ወንድሜ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ጥርስህን ታጠብህ?»፣ «በጊዜ ግባ» እያለ አሰለቸኝ። እኔም ተቆጥቼ ሁለት ቀን አኮረፍሁት። በሦስተኛው ማታ ኮምፒዩተሩን ከፍቼ በርጩማዬ ላይ ስቀመጥ፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው በታች አልገባ አለኝ። እርሱ አየኝና ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ትቶኝ የሄደው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነውና፣ እስከዚያች ማታ ድረስ በዚያው ሠንጠረዥ ነበር የሚያነበኝ። እኔም ብሆን ከጠራኝ ጀምሮ የምጠብቀው ያንኑ የድሮውን ጋሼን ነበር።

ማውሱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «አንተ ያዝ፣ እኔ ወርቁን ልቁጠር» አለኝ። ሣሩ አረንጓዴ ነበር። ግንባችን የት እንዳለ ሁለታችንም ረስተን ስንፈልግ ጠላት በጫካው በኩል መጥቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሸነፈን። ያን ያህል የሣቅንበት ማታ አላስታውስም።

አሁን ተመልሶ ሄዷል። በስልክ ስለ ጨዋታው መጠየቁን ትቶ ስለ መመረቂያ ጽሑፌ ይጠይቀኛል። ይህ ችግር የደረሰበት ተማሪ ቢኖር ግን፣ ካርድ ከመግዛቱ በፊት ወደ ዶርሜ ብቅ ይበል፤ ሦስቱን መስመሮች በነፃ እሰጠዋለሁ።