ሽቦ ሁሉ አንድ አይደለም

የመንግሥት ሠራተኛ በብዕሩ የሚጽፋት አንዲት ቃል ምን ያህል ርቃ እንደምትሄድና በማን ላይ እንደምታርፍ ሳያስተውል ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። እኛም ከነዚህ አንዱ ነበርን። የእኛይቱ ቃል «ሽቦ» የምትባል ነበረች። በ2010 ዓ.ም. በአንድ የግዥ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ስንጽፋት፥ ርዝመቱን በሜትር ከማመልከት በቀር ሌላ ነገር አልጨመርንባትም። ያስከተለችውን ነገር ለአንባቢዎቻችን መግለጽ የወደድነው፥ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የጨበጠ ሁሉ ከስሕተታችን ይማር ዘንድ ነው።

የተወለድንባት አንበሳሜ፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ ካለችው ከሐሙሲት ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ የምትገኝ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። በጣና ዙሪያ ያለው ምድር በጥንት ዘመን ከከርሠ ምድር ፈልቶ የወጣ የቀለጠ ዓለት የረጋበት ስለ ሆነ፥ ድንጋዩ ጥቁርና ብርቱ ነው፤ ሊቃውንቱ ባዛልት ይሉታል። አባታችን በዚሁ ድንጋይ ግንበኛ ሆነው ኖሩ። መሮአቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ድንጋዩን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጡ ነበር። በልጅነታችን «ምን ይሰማሉ?» ብለን ስንጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ድንጋይ ጠባይ አለው፤ ጠባዩን ሳትጠይቅ ብትመታው መሮህን ይሰብርብሃል» ይሉን ነበር። እኛ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን ጽሕፈት ቤት ከገባን በኋላ፥ ይህ ምክር ለግንበኛ እንጂ ለጸሓፊ የተነገረ አልመሰለንም።

በተባለው ዓመት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ድንጋይ በመሮና በሽብልቅ መፍለጡ አድካሚ ስለ ሆነባቸው፥ አንድ የድንጋይ መቁረጫ መኪና በእርዳታ አገኙ። የመኪናው አሠራር ሲያዩት ቀላል ነው። 5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ባለው የብረት ገመድ ላይ፥ አልማዝ የተቀላቀለባቸው ትንንሽ የብረት ዶቃዎች ይሰካሉ። የገመዱ ሁለት ጫፎች ተጋጥመው ቀለበት ከሆኑ በኋላ፥ ቀለበቱ በመዘውሮች ላይ ተወጥሮ በአንድ ሴኮንድ ከ20 እስከ 40 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይሮጣል፤ ውሃም እየፈሰሰበት ክር ሳሙናን እንደሚቆርጥ ድንጋዩን ይቆርጣል። ሠራተኞቹ ይህንን ገመድ «ሽቦ» ይሉታል፤ እኛም በቅጹ ላይ እንዲሁ ጻፍነው።

ሦስት ነጋዴዎች ዋጋ አቀረቡ። ከሦስቱ አንዱ በዋጋ ማቅረቢያው ግርጌ «የሚቆረጠው ድንጋይ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። በትምህርት ቤት ሳለን አልማዝ ከማዕድን ሁሉ የጠነከረ መሆኑን ተምረን ስለ ነበር፥ አልማዝ ካለበት ሁሉን ይቆርጣል ብለን ደመደምን። የጠያቂው ዋጋ ከሁሉ ከፍ ያለ ስለ ሆነም፥ ዋጋውንና ጥያቄውን አብረን ወደ ጎን አስቀመጥናቸው። ርካሹ ተገዛ።

ሽቦው በመጀመሪያው ሳምንት መልካም ቆረጠ፤ በሁለተኛው ዘገየ፤ በሦስተኛውም ድንጋዩን ማሸት እንጂ መቁረጥ ተሳነው። የማኅበሩ ሥራ በመዘግየቱ «በአስቸኳይ እንድታጠናቅቁ» የሚል ደብዳቤ ጻፍን። በአራተኛው ሳምንት ሽቦው መጋጠሚያው አጠገብ ተበጠሰና፥ አንዲት ዶቃ እንደ ጥይት ተወርውራ የመኪናውን ሠራተኛ ቀኝ ክንድ መታችው። ወጣቱ በባሕር ዳር ታክሞ ዳነ፤ ነገር ግን ሁለት ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉለትም።

የአደጋውን ምክንያት አጣርቶ ቃለ ጉባኤ የመጻፍ ሥራ ለእኛ ተሰጠ። እኛም «አደጋው የደረሰው ሠራተኛው ሽቦውን ከልክ በላይ በመወጠሩና ውሃውን በሚገባ ባለመክፈቱ ነው» ብለን ጻፍን፤ የሽቦውም ዋጋ ከድርሻው እንዲቀነስ ተወሰነ። ልጁ እጁን በሻሽ እንደ ጠቀለለ ወደ ጽሕፈት ቤት መጥቶ፥ «ጋሼ፥ ውሃው ክፍት ነበር። መወጠሩንስ ወጥሬዋለሁ፤ የወጠርሁት ግን አልቆርጥ ስላለ ነው። ለምን አልቆርጥ እንዳለ የጠየቀኝ የለም» አለን። የምንመልሰው ስላጣን «ጉዳዩ ተወስኗል» ብለን አሰናበትነው።

በማግሥቱ ዓመት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ አዲስ አበባ ስንሄድ፥ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣ እብነ በረድ ወደሚቆረጥበት አንድ ሥፍራ ጎራ አልን። በዕድሜ የገፉ አንድ የሥራ ኀላፊ ታሪካችንን ገና ሳንጨርስላቸው፥ «ድንጋዩ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁን። ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ ሲቀርብልን ነበርና አፈርን። «ጥቁር ድንጋይ ነው» ብለን የሽቦውን መልክ ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ ሽቦ ለእብነ በረድ የተሠራ ነው» አሉን።

ከዚያም በትዕግሥት አስተማሩን። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲት ነው፤ ካልሲት በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 3 ሲሆን፥ የባዛልት ዋና ዋና ማዕድናት ግን ወደ 6 ይጠጋሉ። ዶቃውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አልማዙ በላዩ ላይ እንደ ቅብ የተለበጠ ሲሆን፥ መጀመሪያ ፈጥኖ ይቆርጥና ያ አንድ ንብር ሲያልቅ ይደክማል። ሁለተኛው አልማዙ ከብረት ዱቄት ጋር ተጋግሮ የተሠራ ስለ ሆነ፥ የላዩ ሲያልቅ የውስጡ ይተካል። እጅግ ያስደነቀን ግን ይህ ነው፤ ለጠንካራ ድንጋይ አልማዙን የያዘው ብረት ለስለስ ያለ መሆን አለበት። ብረቱ በልክ ካልተበላ ያረጀው አልማዝ አይረግፍም፤ ያረጀው ካልረገፈም ስለታሙ አይወጣም፤ ዶቃው እንደ መስተዋት ለስልሶ ይቀራል።

ገመዱም የራሱ ጠባይ አለው። ከብዙ ቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደ ነው፤ ክሮቹ ቀጫጭን ሲሆኑ በመዘውሩ ላይ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ወፍራም ሲሆኑ መፋቅን ይችላል፥ በመታጠፍ ብዛት ግን ይደክማል። በዶቃዎቹ መካከል ሞላ ብቻ የገባበት ከሆነ የድንጋዩ ጭቃ ወደ ውስጥ ገብቶ ክሮቹን ይበላል፤ ጎማ ወይም ፕላስቲክ የፈሰሰበት ከሆነ ግን ገመዱ ይጠበቃል፥ ቢበጠስም ዶቃዎቹ በቀላሉ አይበተኑም። ጫፎቹም ከመጋጠማቸው በፊት ገመዱ በየሜትሩ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ካልተጠመዘዘ ዶቃው በአንድ ጎኑ ብቻ ያልቃል።

ነገሩ ሁሉ በዚያ ሰዓት ተገለጠልን። ዶቃው ለድንጋዩ ስላልተስማማ ደነዘ፤ ስለ ደነዘ ሥራው ዘገየ፤ ሥራው ስለ ዘገየ እኛ በደብዳቤ አቻኮልን፤ ስላቻኮልን ልጁ ወጠረ፤ ስለ ወጠረ የደከመው ገመድ ተበጠሰ። ቃለ ጉባኤያችን ከዚህ ሰንሰለት የያዘው ልጁ ያለበትን ቀለበት ብቻ ነበር።

በአውቶቡስ የዓባይን በረሓ ስንሻገር ከራሳችን ጋር ስንሟገት ቆየን። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ማኅተም ተመቶበታል፤ ዝም ብንል የሚጠይቀን አልነበረም። የአባታችን ቃል ግን ዕረፍት ነሣን። እርሳቸው ድንጋዩን ሳይጠይቁ አይመቱትም ነበር፤ እኛ ግን ድንጋዩንም ሰውየውንም ሳንጠይቅ ፈረድን። አንበሳሜ እንደ ደረስን ጥፋቱ የግዥው፥ ይኸውም የራሳችን መሆኑን ጽፈን አቀረብን። አንድ ባልደረባችን «የተዘጋ ፋይል ምን ያስከፍተዋል?» አለን። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በስብሰባ ተነበበ፤ ከልጁ የተቀነሰውም ገንዘብ ተመለሰለት።

ደብዳቤውን ይዘን ወደ ቤቱ ሄድን። ልጁ ሁለት ጊዜ አነበበውና፥ «ጋሼ፥ ለእናቴ ያንብቡላት፤ እሷም ያንን የመጀመሪያውን አምናለች» አለን። አነበብንላቸው። እናቱ ሰምተው ካበቁ በኋላ ቡና እንዲፈላ አዘዙ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ዛሬ መኪናው ለባዛልት የተሠራ ሽቦ አለው፤ በፊቱም ወፍራም መከለያ ቆሞለታል፤ ሽቦው ሲሮጥ ማንም በአቅጣጫው አይቆምም። በግዥ ቅጹም ላይ «የሚቆረጠው ድንጋይ ዓይነት» የምትል አንዲት መስመር ተጨምራለች። የልጁን ጣቶች ግን የምትመልስ መስመር የለችም።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። እውነት ነው፤ ያ የብረት ገመድም ያበረ ድር ነው። ድሩ ከማበሩ በፊት ግን ለየትኛው አንበሳ እንደሚፈተል መጠየቅ የፈታዩ ፈንታ ነው፤ በየጽሕፈት ቤቱ ፈታዮቹም እኛው ነን።